ላየንስ ክለብ ምንድን ነው? ከአማራ ክልል የትራኮማ መከላከል ሥራ ጋርስ ምን አገናኘው?

ባሕር ዳር፦ በክልላችን የገጠር ቀበሌዎች የዐይን ፀጉር መቀልበስ ቀዶ ሕክምና በዘመቻ ሲሰጥ፣ ቤተሰብ ሁሉ ተሰልፎ የትራኮማ መድኃኒት ሲወስድ ከጤና ቢሮ እና ከካርተር ሴንተር ጎን «ላየንስ» የሚል ስም አብሮ ይጠራል። ስሙ ከአንበሳ ጋር የተያያዘ መኾኑን ብዙ ሰው ይገምታል። ተቋሙ ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይኹን፣ የርዳታ ድርጅት ይኹን ወይስ የስፖርት ክለብ ለይቶ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የላየንስ ክለቦችን አመሠራረት እና አሠራር፣ ከክልሉ ሕዝብ የዐይን ጤና ጋር ያላቸውን ትስስር፣ እንዲሁም ክለቦቹ ሊሠሩት የማይችሉትን እና ለአርሶ አደሩ ቤት የተተወውን ድርሻ ያብራራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከእድር በምን ይለያል?

ላየንስ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክለብ ነው። አባላቱ ነጋዴዎች፣ መምህራን፣ ሐኪሞች፣ ጠበቆች ወይም ጡረተኞች ሊኾኑ ይችላሉ። ለሚሰጡት አገልግሎት ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ እንዲያውም የአባልነት መዋጮ የሚከፍሉት እነርሱ ናቸው። ለእኛ ነገሩን ለመረዳት ቅርብ የኾነው ምሳሌ እድር ነው። በእድርም አባላት በየወሩ ያዋጣሉ፣ ይሰበሰባሉ፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ እና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፣ የቀረውን ይቀጣሉ። ልዩነቱ የሚመጣው የተዋጣው ገንዘብ እና ጉልበት ለማን ይውላል የሚለው ላይ ነው። የእድር ድንኳን ለአባሉ ይተከላል። በወንፈልም ዛሬ የጎረቤቱን ማሳ ያጨደ ነገ የራሱ ይታጨድለታል። የአገልግሎት ክለብ ግን አባል ላልኾነ፣ ውለታውንም ለመመለስ ላይችል ለሚችል ሰው የሚሠራ ማኅበር ነው።

ክለቡ የተመሠረተው በ1917 በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ ነው። ሜልቪን ጆንስ የተባለ የመድን ሥራ ባለሙያ አባል የኾነበት የነጋዴዎች ማኅበር የአባላቱን ጥቅም ብቻ ከማስከበር አልፎ ለከተማው ሕዝብ አንድ ነገር መሥራት አለበት የሚል ሐሳብ አነሣ። ተመሳሳይ ማኅበራትንም ጠርቶ አሰባሰበ። በ1920 ካናዳ ውስጥ ክለብ ሲቋቋም ማኅበሩ ዓለም አቀፍ ኾነ። መሪ ቃሉ «እናገለግላለን» የሚል ሲኾን፣ ዓርማው ላይ ያሉት ወደ ግራ እና ወደ ቀኝ የሚመለከቱ ሁለት የአንበሳ ፊቶች አንዱ ያለፈውን፣ ሌላው የሚመጣውን እንዲያመለክት የተሣለ ነው። ሴቶች አባል እንዲኾኑ የተፈቀደው ግን በ1987 ነው፤ ለሰባ ዓመታት የወንዶች ማኅበር ኾኖ ቆይቷል ማለት ነው።

ከአሠራሩ አንድ ነገር ለየት ብሎ ሊታወቅ ይገባዋል። አንድ የላየንስ ክለብ ሁለት የተለያዩ የሒሳብ ቋቶች ይይዛል። በአንደኛው የአባላት መዋጮ ይገባል፤ የስብሰባ፣ የጽሕፈት እና የአስተዳደር ወጪ ከዚያ ይሸፈናል። በሁለተኛው ደግሞ ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ ይቀመጣል፤ ይህ ለሕዝብ አገልግሎት እንጂ ለክለቡ ወጪ ሊውል አይችልም። በየከተማው ለበጎ ሥራ ተብሎ ገንዘብ በሚሰበሰብበት በዚህ ጊዜ፣ ላየንስ ያልኾኑ ማኅበራትም ቢቀዱት የማይጎዳቸው ሥርዓት ነው።

ወደ ዐይን ሕክምና ያመጣቸው

ክለቦቹ መጀመሪያ ላይ አንድ ወጥ የሥራ መስክ አልነበራቸውም። በ1925 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ባደረጉት ዓመታዊ ጉባኤ ላይ፣ በሕፃንነቷ ዐይኗንም ጆሮዋንም ያጣችው እና በኋላ ደራሲ የኾነችው ሄለን ኬለር ንግግር አደረገች፤ ለዐይነ ስውራን እንዲቆሙም ጠየቀቻቸው። ጥያቄው ተቀባይነት አገኘ። ዛሬ በከተሞቻችን መንገድ ላይ የምናየው የዐይነ ስውራን ነጭ በትር እንዲስፋፋ ካደረጉት መካከልም በ1930 ፒዮሪያ በምትባል የአሜሪካ ከተማ የነበሩ የላየንስ አባላት ይገኙበታል።

በ1990 ላየንስ ሊከላከሉት ወይም ሊያድኑት የሚቻለውን ዐይነ ስውርነት ለመቀነስ «ሳይት ፈርስት» የተባለ ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ጀመረ። በ1999 ደግሞ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ካቋቋሙት ካርተር ሴንተር ጋር በሽርክና መሥራት ጀመረ። የኢትዮጵያ የትራኮማ ሥራም ብዙም ሳይቆይ የዚህ ሽርክና አካል ኾነ። በአማራ ክልል በጥቂት ወረዳዎች የተጀመረው ሥራ ደረጃ በደረጃ መላ ክልሉን ሸፈነ። በሀገር ውስጥ ይህን ሥራ በላየንስ በኩል በመምራት ስማቸው የሚነሣው የቀድሞው የክለቦቹ አስተዳዳሪ ክቡር ዶክተር ጠበበ የማነ ብርሃን ናቸው።

የሥራ ክፍፍሉን መለየት ያስፈልጋል፤ በመንደር ወሬ ሁሉም በአንድ ስም ስለሚጠራ ነው። ላየንስ ገንዘብ ያሰባስባል፣ በአባላቱም በኩል ድጋፍ ያደርጋል። ካርተር ሴንተር የቴክኒክ ድጋፍ፣ ሥልጠና እና ክትትል ያደርጋል። ዚትሮማክስ የተባለውን መድኃኒት አምራቹ ፋይዘር ኩባንያ በነጻ ይሰጣል። ሥራውን የሚመራው እና የሚያስፈጽመው ግን የክልሉ ጤና ቢሮ ሲኾን፣ በየጎጡ እየዞረ ሰውን የሚጠራው፣ የሚመዘግበው እና መድኃኒቱን ከሰው እጅ የሚያደርሰው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያው፣ መምህሩ፣ ተማሪው እና የቀበሌው ነዋሪ ነው። የበጎ ፈቃድ ሥራ ሲባል ዓርማ ያለበት ሰደርያ የለበሰው ብቻ የሚታሰብ ከኾነ ከሥራው የሚበዛው ይዘነጋል።

ትራኮማ ዐይንን የሚያጠፋው እንዴት ነው?

ክለቦቹ በዚህ በሽታ ላይ ማተኮራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2005 እስከ 2006 በመላ ሀገሪቱ በተካሄደው የዐይነ ስውርነት ጥናት መሠረት፣ በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከኾናቸው ሕፃናት መካከል 62 ነጥብ 6 በመቶ የሚኾኑት ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። የሀገሪቱ አማካይ በዚያን ጊዜ 40 ነጥብ 1 በመቶ ነበር። ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር የእኛ ነበር ማለት ነው።

ትራኮማን የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ከታመመ ሕፃን ዐይን ወደ ሌላው የሚተላለፈው በእጅ፣ ፊት በሚጠረግበት ነጠላ ወይም ጨርቅ፣ በጋራ መኝታ እና በዝንብ ነው። ሕፃኑ ዐይኑ ይቀላል፣ ዐይናር ይበዛበታል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሕመሙ ቀላል ስለሚመስል ወላጅ «ያልፍለታል» ብሎ ይተወዋል። በርግጥም ያልፋል፤ ነገር ግን ይመለሳል። በሽታው በደጋገመ ቁጥር የዐይን ቆብ የውስጠኛው ገጽ እየቆሰለ ጠባሳ ያበጃል። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ሲኮማተር የዐይኑን ቆብ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ያን ጊዜ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ፣ ሰውየው ዐይኑን በገለጠ እና በከደነ ቁጥር የዐይኑን የፊት መስታወት ይፍቃል። መስታወቱ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ አንዴ ከደበዘዘ በኋላ የጠፋውን ብርሃን መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው በሽታው የሚያዘው በልጅነት፣ ዋጋው የሚከፈለው ግን በጎልማሳነት እና በእርጅና መኾኑን ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ፊት ላይ የተቀመጠ ዝንብ የሚያስከትለው ጉዳት የሚታየው ልጁ አባት በሚኾንበት ዕድሜ ነው። ለዚህም ይመስላል ፊትን የማጠብ ምክር ለብዙ ሰው ተራ ነገር ኾኖ የሚሰማው።

ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ይጎዳሉ። ሕፃን የምታዝለው፣ የምታጠባው፣ አፍንጫውን እና ዐይኑን የምትጠርገው እናት ወይም ታላቅ እኅት በመኾኗ ተሕዋስያኑ ደጋግመው ያገኟታል። ዐይኗ በሽፋሽፍት የሚፋቅ እናት ደግሞ የኩበት እና የእንጨት ጭስ ባለበት ማዕድ ቤት ውስጥ እንጀራ መጋገር፣ በቀትር ፀሐይ ውኃ መቅዳት ሥቃይ ይኾንባታል። ብዙዎች የሚያስታግሱት ሽፋሽፍቱን በወረንጦ እየነቀሉ ነው። የተነቀለው ፀጉር ተመልሶ ያድጋል፤ በአግባቡ ካልተነቀለ ተሰብሮ የሚቀረው ጉቶ ከፊተኛው የባሰ ይወጋል። በየገበያው የምትሸጠው ወረንጦ የሕክምናውን ቀን የምታዘገይ ማስታገሻ እንጂ መፍትሔ አይደለችም።

መድኃኒቱ፣ ቀዶ ሕክምናው፣ ውኃው እና ጉድጓዱ

የዓለም ጤና ድርጅት ለትራኮማ የሚመክረው አራት ሥራዎችን አጣምሮ የያዘ ስልት ነው። እነዚህም የተቀለበሰውን የዐይን ቆብ በቀዶ ሕክምና ማቃናት፣ ለመላው ሕዝብ መድኃኒት መስጠት፣ የፊት ንጽሕና እና የአካባቢ ንጽሕና ናቸው። በዘመቻ ጊዜ የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው።

የመድኃኒት ሥርጭቱ በክልሉ ትልቅ መልክ የያዘው ከኅዳር 2008 ጀምሮ ነው። የወባ እና የትራኮማ ሥራ ተጣምሮ «ማልትራ» የተባለ የዘመቻ ሳምንት ሲጀመር፣ የክልሉ ግማሽ በአንድ ወቅት፣ ቀሪው ግማሽ በሌላ ወቅት እየተከፈለ በየዓመቱ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ መድኃኒት ወስዷል። አርሶ አደሮች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ «ዐይኔን ሳያመኝ ለምን እውጣለሁ?» የሚል ነው። መልሱ፣ ተሕዋስያኑ ሕመም በማይሰማቸው ሰዎች ዐይን ላይም ስለሚኖር፣ የታመመው ብቻ ታክሞ ጎረቤቱ ቢቀር በሽታው ተመልሶ ይዞራል የሚል ነው። አንድ ገበሬ ማሳውን አርሞ የጎረቤቱ ማሳ በአረም ቢሞላ ዘሩ በነፋስ እና በጎርፍ መመለሱ እንደማይቀር ማለት ነው።

ለሕፃናት የሚሰጠው መጠን በክብደት ፈንታ በቁመት ይለካል፤ ዘመቻው ላይ ልጆች ምልክት ካለው እንጨት አጠገብ እንዲቆሙ የሚደረገው ለዚህ ነው። ትንንሾቹ ክኒን ሳይኾን ሽሮፕ ይወስዳሉ። ከስድስት ወር በታች ያሉት ደግሞ የቴትራሳይክሊን የዐይን ቅባት ይሰጣቸዋል። እዚህ ላይ ወላጆች ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ። የሚያለቅስን ሕፃን አፍንጫ ይዞ ወይም አንጋሎ በግድ መጋት ለመታነቅ ይዳርጋል። ልጁ ቀና ብሎ፣ ተረጋግቶ ራሱ እንዲጠጣ ማድረግ ያስፈልጋል። እንቢ ካለም ጥቂት ቆይቶ መሞከር ይሻላል።

ቀዶ ሕክምናው በጤና ጣቢያ ወይም በዘመቻ ጊዜ በጊዜያዊ ጣቢያ፣ በሠለጠነ ባለሙያ በነጻ ይሰጣል። የዐይኑ ቆብ ብቻ ይደነዝዛል፤ ታካሚው ሙሉ በሙሉ አይተኛም። ለአንድ ቆብ ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠ ጊዜ ይበቃል። ዐይኑ ተሸፍኖ ወደ ቤት ይሄዳል፤ በማግሥቱም ተመልሶ ይታያል። በርካታ ሰዎች ቀጠሮ የሚያልፋቸው በፍርሃት ብቻ አይደለም። በአጨዳ ጊዜ ቤት የሚጠብቅ መጥፋቱ፣ እጅ ይዞ የሚመራ ሰው አለመኖሩ፣ ለእናቶች ደግሞ ልጆችን የሚይዝላቸው ማጣት ከፍርሃቱ ይልቅ ያስቀራቸዋል። አንድ ክለብ ወይም እድር በቀላል ወጪ ሊሠራው የሚችል ታላቅ ሥራ ቢኖር ይህ ነው፤ ታካሚዋን አጅቦ መውሰድ፣ ቤቷን መጠበቅ፣ መልሶ ማድረስ። ቀዶ ሕክምናው የሚያቃናው ሽፋሽፍቱን እንጂ የደበዘዘውን መስታወት እንዳልኾነም አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል። ሥቃዩ ይቆማል፣ ጉዳቱ እንዳይቀጥል ይረዳል፤ ብርሃን ይመለሳል ተብሎ የመጣ ሰው ግን አዝኖ ይመለሳል፤ መንደሩ የሚሰማውም እርሱን ነው። ፀጉሩ ከጊዜ በኋላ ዳግም ሊቀለበስ ስለሚችልም በባለሙያው ቀጠሮ መመለስ አስፈላጊ ነው።

ወደ መጸዳጃ ቤቱ ስንመጣ ነገሩ ለግብርና ባለሙያ ጆሮ የሚጥም ነው፤ ስለ አንድ ነፍሳት አኗኗር ነውና። ፊት ላይ የምታርፈው የትራኮማ ዝንብ ዕንቁላሏን መጣል የምትወደው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ላይ ነው። በጉድጓድ ውስጥ ባለ ዐይነ ምድር ላይ ግን እምብዛም አትራባም። በሌላ አነጋገር ዝንቧን ለመቀነስ ሲሚንቶ እና ቆርቆሮ የግድ አያስፈልግም። ከእንጨት፣ ከጭቃ እና ከሣር የተሠራ ጉድጓድ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሕፃናትን ጨምሮ እስከተጠቀመበት ድረስ በቂ ነው። የሕፃናት ዐይነ ምድር «ንጹሕ ነው» ተብሎ ጓሮ የሚጣል ከኾነ ግን ጉድጓዱ ኖረ አልኖረ ለዝንቧ ያው ነው።

በምሥራቅ ጎጃም የኹለት እጁ እነሴ ወረዳ በዚህ ረገድ በጥናት ጭምር የተመዘገበ ታሪክ አለው። እንደ አውሮፓውያኑ በ2000ዎቹ መጀመሪያ አባወራዎች በአካባቢ ቁሳቁስ፣ በራሳቸው ጉልበት መጸዳጃ ቤት እንዲሠሩ ቅስቀሳ ሲደረግ፣ መጸዳጃ ቤት ያላቸው ቤቶች ቁጥር በአጭር ጊዜ በብዙ እጥፍ አደገ። ሥራውን ወደ ፊት የገፉት ሴቶች ነበሩ። ለሴቶች ጉዳዩ የትራኮማ ብቻ አልነበረም፤ ቀን ሜዳ መውጣት ነውር በመኾኑ እስኪመሽ ድረስ መታገሥ ነበረባቸው። ጉድጓዱ ከዝንብም ይልቅ ከዚህ እሥራት ፈታቸው። ጂሚ ካርተርም በኢትዮጵያ የመጸዳጃ ቤት ሥራ ስማቸው መጠራቱን በየንግግራቸው እየቀለዱ ያነሡት ነበር።

ሁለት ጥናቶች፣ ከጎንቻ እና ከዋግ

ከብዙ ዓመታት ዘመቻ በኋላ በክልሉ የበሽታው መጠን በእጅጉ ቀንሷል፤ ነገር ግን ያልወጡ ወረዳዎች አሉ። ለምን እንዲህ ኾነ ለሚለው በራሳችን ክልል የተካሄዱ ሁለት ጥናቶች ሲነጻጸሩ ይጠቅማሉ።

አንደኛው በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከ2006 ጀምሮ የተካሄደው ነው። በ72 የወረዳው አካባቢዎች መድኃኒቱ በተለያየ መጠን እና ጊዜ እየተሰጠ ውጤቱ ተለካ። መድኃኒቱ በየዓመቱ ሲሰጥ ተሕዋስያኑ ከሕፃናት ዐይን በእጅጉ ቀነሰ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ሕፃናት ሞትም መድኃኒቱ በተሰጠባቸው አካባቢዎች ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ይህ ያልተጠበቀ በረከት ነበር። ይኹን እንጂ ከዓመታት ሕክምና በኋላ መድኃኒቱ በተቋረጠባቸው አካባቢዎች ተሕዋስያኑ ተመልሶ ተንሠራፋ።

ሁለተኛው በዋግ ኽምራ የተካሄደው ነው። በ40 የገጠር አካባቢዎች በተደረገው በዚህ ጥናት፣ ግማሾቹ የውኃ ነጥብ ተሠራላቸው፣ የፊት እና የአካባቢ ንጽሕና ትምህርት ተሰጣቸው፤ የጅምላ መድኃኒት ሥርጭት ግን አልተደረገም። ከሦስት ዓመታት በኋላ በሕፃናት ዐይን ላይ ያለው ተሕዋስያን ውኃ ካልተሠራላቸው አካባቢዎች ያነሰ ኾኖ አልተገኘም። ውጤቱ በ2022 ሲታተም ውኃ እና ንጽሕና ብቻውን ይበቃል ብለው ያምኑ የነበሩትን አስደንግጧል።

ከዋግ ጥናት ተነሥቶ «እንግዲያው ውኃው ጥቅም የለውም» የሚል ሰው ስቷል። ውኃ ለሌላ ብዙ ነገር ያስፈልጋል፤ ሦስት ዓመትም የመንደርን ልማድ ለመለወጥ አጭር ነው። ጥናቶቹ የሚሉት መድኃኒት ያለ ንጽሕና ሲቋረጥ አይጸናም፤ ንጽሕናም ያለ መድኃኒት ብዙ ተሕዋስያን ባለበት ቦታ በአጭር ጊዜ አያሸንፍም ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ለማንኛውም ክለብ ቀላል ነው፤ መድኃኒት ማደል እና የውኃ ቧንቧ ማስመረቅ ፎቶግራፍ ይወጣለታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ቧንቧው ይፈስስ እንደኾነ፣ ጉድጓዱ ሞልቶ ሌላ ተቆፍሮ እንደኾነ ማየት ግን ፎቶግራፍ የለውም። በዚህ ጸሐፊ ግምት የላየንስ ሥራ በአማራ ክልል ክብር የሚሰጠው ያመጣው የገንዘብ ብዛት ሳይኾን ከ20 ዓመታት በላይ በአንድ በሽታ ላይ መቆየቱ ነው።

አንድ ወረዳ የጅምላ መድኃኒት የሚቆምለት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ ሕፃናት ንቁ ትራኮማ የሚታይባቸው ከ5 በመቶ በታች ሲኾኑ ነው። ከ15 ዓመት በላይ ያሉ፣ የጤና ተቋም የማያውቃቸው የዐይን ፀጉር የተቀለበሰባቸው ሰዎች ደግሞ ከ1 ሺሕ ሰው ከ2 በታች ሊኾኑ ይገባል። ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 ከዚህ ደርሰው ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መኾኑ እንዳበቃ በዓለም ጤና ድርጅት ተመስክሮላቸዋል።

ሮታሪ እና ሌሎችም

በሀገራችን የሚታወቀው ሌላው የአገልግሎት ክለብ ሮታሪ ነው። ከላየንስ በ12 ዓመት ይቀድማል፤ በ1905 በዚያው በቺካጎ ተመሠረተ። የአዲስ አበባ ሮታሪ ክለብ በ1955 ተቋቁሟል። ሮታሪ ዋና ሥራው ያደረገው የልጅነት ልምሻን፣ ማለትም ፖሊዮን ማጥፋት ነው፤ ይህን የጀመረውም በ1985 ነው። በክትባት ዘመቻዎች ወቅት በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ተሳትፈዋል። በአሜሪካ ሲያትል የሚኖሩት አቶ ዕዝራ ተሾመ የሮታሪ አባላትን አስተባብረው ለክትባት ወደ ኢትዮጵያ በማምጣት ይታወቃሉ። በነሐሴ 2020 አፍሪካ ከዱር የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መኾኗ ታውጇል። ላየንስ ትራኮማን፣ ሮታሪ ፖሊዮን ይዘው ለአሥርት ዓመታት መቆየታቸው፣ አንድ የበጎ ፈቃድ ማኅበር ሁሉንም ነገር በጥቂት በጥቂቱ ከመነካካት አንዱን መርጦ ቢይዝ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ያሳያል።

በወረዳ ከተማ ክለብ ማቋቋም

አዲስ የላየንስ ክለብ ለማቋቋም ቢያንስ 20 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ። አባልነቱ በግብዣ ነው፤ ነባር አባል አዲሱን ያቀርባል። ከ12 እስከ 30 ዓመት ላሉ ወጣቶች ደግሞ «ሊዮ» የሚባል በላየንስ ክለብ ስፖንሰርነት የሚቋቋም ክለብ አለ፤ በትምህርት ቤት እና በዩኒቨርሲቲ ሊደራጅ ይችላል። አባላቱ የራሳቸውን መሪ ይመርጣሉ፣ የራሳቸውን ሥራ ያቅዳሉ።

የወረዳ ከተማ ነዋሪዎች ክለብ ለማቋቋም ሲያስቡ፣ የገጠሩ ነዋሪም ክለብ «ልርዳህ» ብሎ ሲመጣበት አስቀድመው ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ሥራውን የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያውቀዋል ወይ? የዐይን ሕክምና የሚሰጠው ባለሙያ ፈቃድ አለው ወይ? ለታከመ ሰው ሕመም ቢያገረሽበት ወዴት ይሄዳል? ለሚሠራው የውኃ ነጥብ መለዋወጫ የሚገዛው ማን ነው? ያገለገለ መነጽር የሚያድል ቡድን የሰውን ዐይን ሳይለካ ከሣጥን አውጥቶ የሚሰጥ ከኾነ ደግሞ ባይቀበሉት ይሻላል፤ ዐይኑን ያልተለካ ሰው የሚያደርገው መነጽር ራስ ምታት እንጂ ማየት አይሰጠውም።

በአካባቢው ክለብ ከሌለም ሥራው ክለብ አይጠብቅም። ዐይኑን አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁረው፣ ፀሐይ እና ጭስ መቋቋም ያቃተው፣ ዕንባው የማይቆም ወይም ሽፋሽፍቱን በወረንጦ የሚነቅል ሰው በቤት ውስጥ ካለ በቅርብ ላለው ጤና ኬላ ማስመዝገብ ይቻላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የቆቡን ፀጉር አይታ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች ወይም ለሚቀጥለው የቀዶ ሕክምና ዘመቻ ስሙን ትይዛለች። ምዝገባውም ሕክምናውም ክፍያ የለውም። ከአጨዳ በኋላ፣ መንገዱ ደርቆ እህሉ ጎተራ በገባበት ወቅት ለሚደረግ ዘመቻ ስም ለማስያዝ ከመኸር በፊት መሄድ ይመረጣል።